አንድ ወር፣ አንድ ወንዝ፣ የተዘበራረቀ ንባብ

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ቡፌ የሚባል ሆቴል አለ። ሆቴሉን የወለደው የባቡሩ እንቅልፍ ነው። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ለብዙ ጊዜ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ አድሮ፣ በሦስተኛው ቀን ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው። ስለዚህ ዲፕሎማቱም፣ የቡና ነጋዴውም፣ ለዘውድ በዓል የመጣው ጋዜጠኛም እዚሁ አቧራውን ታጥቦ፣ ራቱን በልቶ ተኝቷል። ዛሬ በድሮው ሐዲድ ላይ የሚሻገረው ፍየል ነው፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ ሐዲድ አለው።

ባለፈው ጥር የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚያ ሰፈር አንድ ዛፍ ሥር ወንበር ስቦ ንባብ ጀመረ። ሥራው በአዋሽና በሰመራ መካከል ያመላልሰው ነበር። መንገዱ በገዋኔና በሚሌ በኩል ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሻንጣው ውስጥ ደግሞ ከሸሚዝ ይልቅ ወረቀት ይበዛል። ያሰበው ነገር ቀላል ነው፤ ወሩን ሙሉ ስለ አንድ ወንዝና ስለ ዳርቻው ብቻ ማንበብ፣ ግን በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ላይ አለመርጋት። የጉዞ ማስታወሻም፣ የሳይንስ መጽሐፍም፣ ግለ ታሪክም፣ ልብ ወለድም፣ ግጥምም፣ መዝገበ ቃላትም፤ ብቻ የተገኘው ሁሉ።

እንዲህ ያለ ዕቅድ የመጣው በሌላው ፋሽን ከመሰላቸት ነው። ዛሬ አንባቢ ነኝ የሚል ሰው መጽሐፍ ይቆጥራል። በወር አራት፣ በዓመት ሃምሳ፣ ከዚያ ሽፋኑን ደርድሮ ፎቶ ማንሣት። ገጣሚው ነቢይ መኮንን ግን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ረጅም ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞታል፤ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመው ያ ነው። ያን ጊዜ ከእሱ ጋር የታሰሩ ሰዎች ስንት መጽሐፍ አነበባችሁ ቢባሉ ብዙ የሚቆጥሩት አልነበራቸውም። ግን ማን ነው እነሱን አላነበቡም የሚል?

የመጀመሪያውን ሳምንት የበላው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተወለደ። በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተጋብዞ መጥቶ፣ ከበዓሉ በኋላ ለአደን ወደ አዋሽ ሸለቆ ወረደ። ሲመለስ አንድ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ወንዝ ባሕር አይደርስም፤ ታዲያ የት ይገባል? በ1933 መጨረሻ ከአዋሽ ጣቢያ ግመል ጭኖ ተነሣ፤ ዕድሜው 23 ነበር። በማግሥቱ ዓመት አውሳ ገብቶ ሱልጣን መሐመድ ያዮን አገኘ፣ ወንዙ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያልቅ አየ፣ በመጨረሻም ታጁራ ወደብ ላይ ወጣ።

አቅራቢውን የገረመው ግን ጉዞው ሳይሆን አንዱ ሰው ያንኑ ጉዞ ሦስት ጊዜ መጻፉ ነው። አንደኛው በ1935 ለንደን ውስጥ በጂኦግራፊ መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። ሁለተኛው በ1987 የታተመው ግለ ታሪኩ ነው። ሦስተኛው የጉዞው ዕለታዊ ማስታወሻ ሲሆን፣ ከሁሉ ቀድሞ ተጽፎ ከሁሉ በኋላ፣ በ1996 ለኅትመት በቃ። ሦስቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ጨዋታ ይሆናል። ጥናቱ ውስጥ የሚራመደው ወንዙ ነው፤ ሰውየው የለም ማለት ይቻላል። ማስታወሻው ውስጥ የሚራመዱት ግመሎቹ ናቸው፤ ይደክማሉ፣ ይሞታሉ፣ ጭነታቸው ወደ ሌላው ይዞራል፣ የዛሬው ውኃ ከነገው ውኃ ምን ያህል እንደሚርቅ ይሰላል። ግለ ታሪኩ ውስጥ ደግሞ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ሱልጣኑን ያገኘበት ያ የአውሳ ምሽት የሕይወቱ መንገድ የተቆረጠበት እንደሆነ ይነግረናል።

ሦስቱም ውሸት አይደሉም። ጥናቱን ብቻ ያነበበ ሰው ግን አውሳን ካርታ አድርጎ ይይዛታል፤ ግለ ታሪኩን ብቻ ያነበበ ደግሞ አንድ ወጣት እንግሊዛዊ የተፈተነባት ሜዳ አድርጎ። ሱልጣኑስ? እሱ ከእንግዳው ጋር ሲፋጠጥ የሚያስታውሰው ነገር ነበረው። ከ59 ዓመት በፊት፣ በ1875፣ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የግብፅን ጦር መርቶ አውሳ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ እዚያው ተገደለ። ወረቀት፣ ብዕርና መሣሪያ ይዞ የመጣን ነጭ በጥርጣሬ ማየት በአውሳ አስተዋይነት እንጂ አረመኔነት አልነበረም። በቴሲጀር መጻሕፍት ውስጥ ይህ ፍርሃት ከእንግዳው ወገን ነው በደንብ የሚታየው።

ከቴሲጀር አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1928፣ ኔስቢት የተባለ መሐንዲስ ከሁለት ጣሊያኖች ጋር ከዚሁ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ በረሃውን ወደ ሰሜን አቋርጧል። መጽሐፉ እንግሊዝ አገር «በረሃና ደን» የሚል ጨዋ ርዕስ ነበረው። አሜሪካ ሲሻገር ግን «የፍጥረት የሲኦል ጉድጓድ» ሆነ። አሳታሚ ገበያውን ያውቃል። አቅራቢው መጽሐፉን ግማሽ ላይ ትቶታል፤ ምክንያቱ ግን ስንፍና አይደለም። ስለ ሲኦሉ በሚያነብበት ሰዓት ከፊቱ ባለው ሜዳ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ፣ አንዲት ሴት የፍየል ወተት በጄሪካን ይዛ ገዢ ትጠብቅ ነበር። ሰው ልጁን የሚያሳድግበትን አገር ሲኦል የሚል መጽሐፍ የደራሲውን ላብ እንጂ አገሩን አያሳይም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ ከእነዚህ የሚለየው ፈጠራ መጻፉን ሳይደብቅ በመጻፉ ነው። እሱም በ1930 ለዘውድ በዓሉ፣ በ1935 ደግሞ ለጦርነቱ ዘገባ በጋዜጠኝነት መጥቷል። በ1938 ያሳተመው «ስኩፕ» የተሰኘ ልብ ወለድ ኢሽማኤሊያ በምትባል የሌለች አገር ይካሄዳል፤ ኢትዮጵያን የሚያውቅ አንባቢ ግን ብዙም አይቸገርም። በልብ ወለዱ ውስጥ የውጭ ጋዜጠኞች በሙሉ ጓዛቸውን ጠቅልለው ላኩ ወደምትባል ከተማ ይዘምታሉ። ላኩ ካርታ ላይ አለች፤ መሬት ላይ የለችም። ድሮ ድንበር የሚያሰምሩ ፈረንጆች አንዱን ልጅ የዚህ ኮረብታ ስም ማን ነው ብለው ሲጠይቁት፣ በቋንቋው «እኔ እንጃ» አላቸው። እነሱም ጻፉት፤ ከዚያ ካርታ ከካርታ እየቀዳ ቀጠለ።

ዎ የአገሩን ሰው ሲስል የሚያሳየው ንቀት ያስቆጣል፤ መጽሐፉ ሳይተነፍሱ የሚያነቡት አይደለም። የላኩ ቀልድ ግን ያለፈውን ሳምንት ንባብ በሙሉ እንደ አዲስ አስገለጠ። አቅራቢው ወደ ኔስቢትና ወደ ቴሲጀር ተመልሶ የቦታና የጎሣ ስሞቹን ሲያይ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ «እኔ እንጃ» ይሆን የሚል ጥርጣሬ አደረበት። የጉዞ መጽሐፍን ልብ ወለድ እንደሚመረምረው የትኛውም ጥናት አይመረምረውም። የተዘበራረቀ ንባብ ትርፉ እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ መጽሐፍ ሌላውን ሲያጋልጥ መስማት።

ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ከጅቡቲ የተጫነው ዕቃ ቀንና ሌሊት ይወጣበታል። በአንዱ ጉዞ የሚኒባሱ ሾፌር ዘፈን አልከፈተም፤ ትረካ ነበር የከፈተው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ከተረከበት ጊዜ ጀምሮ የአማርኛ ልብ ወለድ ከዓይን ይልቅ በጆሮ የገባበት ሰው ብዙ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ትረካው በፍላሽ ተጭኖ መኪና ውስጥ ይዞራል። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞር ብሎ፣

«ጋሼ፣ እሱ ደግሞ ምን ይላል?» አለ፣ በአቅራቢው እጅ ወዳለው መጽሐፍ በአገጩ እያመለከተ።

«ስለ ድንቅነሽ ነው።»

«እዚህ አይደል እንዴ የተገኘችው? እዚህ ከሚሌ ወዲያ።»

እዚያው ነው፤ ሐዳር። መጽሐፉ ዶናልድ ጆሃንሰን ከሜይትላንድ ኢዲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው ነው። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ የተገኘላት ድንቅነሽ እንዴት ከአሸዋ እንደወጣች ይተርካል። ልብ አንጠልጣይ ነው፤ ጣጣውም ከዚያው ይመነጫል። ትረካው የሚጀምረው በኖቬምበር 30 ቀን 1974 ማለዳ ነው፤ ግኝቱ በየዓመቱ የሚታሰበው ግን በኖቬምበር 24፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ስድስት ቀን ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት አንጻር ምን ይጎዳል ይባል ይሆናል። ሆኖም ማለዳውን፣ ቡናውን፣ የዕለቱን ጥሩ ስሜት አሳምሮ የተረከ መጽሐፍ ቀኑ ላይ ሌላ ሲሆን፣ አንባቢ ደግሞ ሌላውስ ጌጥ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ለዚህ መድኃኒቱ ጆን ካልብ ነው። ካልብ ሐዳር ላይ ከሠራው ዓለም አቀፍ የምርምር ቡድን መሥራቾች አንዱ የነበረ አሜሪካዊ የሥነ ምድር ባለሙያ ነው። ከቡድኑ ተለያየ፣ ለሲአይኤ ይሠራል የሚል ወሬ ተነዛበት፣ በ1978 ከኢትዮጵያ ተባረረ። በ2001 ያሳተመው መጽሐፍ አጥንት ፍለጋን እንደ ንግድ ይቆጥረዋል፤ ፈቃድ የሚነጠቅበት፣ ገንዘብ የሚዘጋበት፣ ስም የሚጠፋበት ንግድ። የተጎዳ ሰው መጽሐፍ ስለሆነ እሱንም በጥርጣሬ ማንበብ ያስፈልጋል። ነገር ግን ጆሃንሰንን ያለ ካልብ ማንበብ የአንድ ወገን ምስክር ሰምቶ ፍርድ እንደ መስጠት ነው።

በሁለቱም መጻሕፍት የአፋር ሰው መንገድ መሪ፣ ዘበኛ፣ አንዳንዴም ችግር ነው። በኋላ ዘመን የኢትዮጵያውያን ድርሻ ተለውጧል፤ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷን አርዲ የመጀመሪያ አጥንቶች በ1994 ያገኘው ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ነው፣ ሰላም የተባለችውን ቅሪተ አካል ዲኪካ ላይ ያገኘው የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ነው፣ በ2013 ለዲ ገራሩ ላይ የ2.8 ሚሊዮን ዓመቱን መንጋጋ ያነሣው ቻላቸው ሥዩም ነው። ከእነሱ ብዕር በአማርኛ የሚወጣ፣ ለተራ አንባቢ የተጻፈ ግለ ታሪክ ቢገኝ አቅራቢው ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን በያዘ ነበር።

አንድ ነገር በዚህ መካከል ሳይታሰብ ብቅ አለ። ሄርቶ ላይ የተገኘውን የ160,000 ዓመት ዕድሜ ያለው የሰው ራስ ቅል በ2003 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ካስተዋወቁት ተመራማሪዎች አንዱ ዴቪድ ዴጉስታ ይባላል። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ከመስፍን ፈለቀ ይርጉ ጋር ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ2025 ለዓለም አንባቢ ያቀረበው እሱ ነው። በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲውም በማግሥቱ ዓመት የካቲት ላይ የደረሰበት የጠፋ ልብ ወለድ ሌላ ቋንቋ የተሻገረው በአዋሽ ሸለቆ አጥንት ሲለቅም በኖረ ሰው እጅ ነው። አጥንት ለቃሚና ልብ ወለድ ተርጓሚ በሁለት መደርደሪያ የሚቀመጡ ሰዎች ይመስሉናል።

ሰመራ ሲደርሱ አየሩ ይለወጣል። በጥር እንኳን ቀትር ላይ ቬንትሌተር የሌለው ክፍል አይቀመጡበትም። የክልሉ ዋና ከተማ ከአሳይታ የተዛወረባት ይህች ከተማ ከነፋስ በቀር ሁሉ ነገሯ አዲስ ነው። ጎረቤቷ ሎግያ የሾፌሮች ነች፣ ሰመራ የቢሮና የዩኒቨርሲቲ። አቅራቢው ከሰዓት በኋላ ለማንበብ ተስፋ ቆርጦ ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያም ከመግሪብ በኋላ ያነብ ጀመር።

ከወሩ ንባብ ሁሉ አጭሩና ከባዱ እዚህ ነው የተነበበው። ግሊን ፍለድ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 በአንድ የሙያ መጽሔት ያወጣት የጥቂት ገጽ ጽሑፍ ነች። ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ሲዘንብ አፋር ከብቱን ይዞ ወደ ሩቁ ሜዳ ይወጣል፤ ሲደርቅ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል፤ ወንዙ ሞልቶ ያጠጣው መሬት በበጋ ሣር ይዞ ይጠብቀዋል። ይህ መሬት ከጠቅላላው ግጦሽ ትንሹ ክፍል ነው፣ ያለ እሱ ግን ትልቁ ክፍል ዋጋ የለውም። የቆቃ ግድብ በ1960 ተሠራ፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 ተቋቋመ፣ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ ጥጥ ተከለ። ጥጡ የያዘው ያንኑ የበጋውን መሬት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ የሚመለስበት አጣ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ረሃቡ የዝናብ ጉድለት ነበር፤ ፍለድ የመሬት ጉድለት መሆኑን ጻፈ። በዚያው ዓመት በአውሳ በተነሣው ደም መፋሰስ ራሱም ተገደለ።

ዱብቲ ከሰመራ ሩቅ አይደለችም። ያችን ጽሑፍ ያነበበ ሰው የዱብቲን የእርሻ መሬት ከመኪና መስኮት ሲያይ እንደ በፊቱ ለጥ ያለ ልማት ብቻ ሆኖ አይታየውም። ይህን ዕይታ ከቴሲጀር አላገኘውም፣ ከጆሃንሰንም አላገኘውም። የጉዞ መጽሐፍ ሰውን ሲያልፍ ያየዋል፤ የአጥንት መጽሐፍ ከመሬቱ በታች ያያል። ከብቱ በሐምሌ የት እንደሚውልና በግንቦት የት እንደሚመለስ ለማወቅ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ምንም እንኳን ሰንጠረዥና የግርጌ ማስታወሻ ያለው ደረቅ ነገር ቢመስልም።

ደረቅ ከተባለ መዝገበ ቃላት የሚብስ የለም፤ የወሩ ትልቁ ደስታ ግን ከዚያ ተገኘ። ኢኒድ ፓርከርና ዲክ ሄይዋርድ እ.ኤ.አ. በ1985 ለንደን ያሳተሙት የአፋርኛ፣ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ነው። አፋርኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ፊደሉን በ1970ዎቹ ያደራጁት ዲሚስና ሬዶ በሚል ስም የሚታወቁ ሁለት የአፋር ምሁራን ናቸው። በሰመራ የቢሮ ታፔላ ላይ የአፋር ስም «ኪው» በምትባለው የላቲን ፊደል ሲጀምር አይቶ «ቃፋር» ብሎ የሚያነብ እንግዳ ብዙ ነው። አቅራቢውም አንብቧል፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ። ሻይ የሚቀዳው ልጅ ሳቁን አፍኖ ጉሮሮውን እያሳየ አረመው።

ያች ፊደል የዐይን ድምፅ ነች፤ ከጉሮሮ ሥር የምትወጣዋ ዐ። «ሲ» የሐመሩ ሐ ሲሆን፣ «ኤክስ» ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚወጣ ድ ነው። የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። አማርኛ ዐይኑንም አልፋውንም፣ ሐመሩንም ሃሌታውንም በፊደል ገበታው አስቀምጧል፤ ድምፃቸውን ግን ከጣለ ቆይቷል። አፋርኛ ድምፁን ጠብቆ ፊደሉን ከላቲን ተበደረ። እኛ ቤት ፊደሉ ያለ ድምፅ ቀርቶ፣ ጎረቤት ቤት ድምፁ ያለ ግዕዝ ፊደል ይኖራል። ይህን የሚያስገነዝብ ልብ ወለድ እስካሁን አላጋጠመንም፤ መዝገበ ቃላቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ገጾች ያለ አንዳች ግጥምና ዜማ ይነግርዎታል። አፋርኛ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በቋንቋ ፖሊሲው ለፌዴራል የሥራ ቋንቋነት ከታጩት አንዱ ነው። ስሙን በትክክል መጥራት ከዚያ በፊት የሚመጣ ጉዳይ ይመስላል።

ግጥም ትንሽ ነው የተነበበው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለአዋሽ የጻፈው ግጥም «እሳት ወይ አበባ» ውስጥ አለ፤ ባለቅኔው ራሱ የተወለደው አምቦ አጠገብ፣ ወንዙ ከሚነሣበት ደጋ ብዙም ሳይርቅ ነው። የወንዙን መጨረሻ ዳር ይዞ የወንዙን መነሻ ሰው ማንበብ ደስ ይላል። ዲዲዬ ሞረን የተባለ ፈረንሳዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 የአፋሮችን ቃላዊ ግጥም ሰብስቦ አሳትሟል። አቅራቢው ፈረንሳይኛው የሚገፋው እስከ መግቢያው ብቻ ስለነበረ የገጹን አንድ ወገን፣ አፋርኛውን፣ ሻይ ቤት ላለው ልጅ እየሰጠ ሲያስነብብ ሰነበተ። ልጁ አንዳንዱን ያውቀዋል፣ አንዳንዱ ላይ «ይህ የኛ ሰፈር አይደለም» ይላል። ሒሱ ከመግቢያው የተሻለ ነበር።

መሬቱ ራሱ ደግሞ ዝም አይልም። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ መሬት ተደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ በሬክተር መለኪያ ከ5 በላይ የሆነም ሲመዘገብ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ቤቱን ለቆ ወጥቷል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻገረ። ስለዚህ የወሩ ንባብ ውስጥ መግለጫም፣ የዜና ቁራጭም ነበረበት። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የተሰነጠቀው መሬት በሳይንስ ወረቀቶች ላይ የአዲስ ውቅያኖስ መወለጃ ነው፤ ፍየሉ ለጠፋበት ሰው ግን ስንጥቅ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ጋዜጣ ግን አዘውትሮ የሚያትመው የመጀመሪያውን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሐሳብ አንድ ነው፣ እሱም ለቤተ መጻሕፍት ሰዎች የሚቀርብ ነው። መጻሕፍት በዓይነታቸው ስለሚደረደሩ አንድ አገር በአሥር መደርደሪያ ይበታተናል። ድንቅነሽ ሳይንስ ክፍል ትሄዳለች፣ ቴሲጀር ጉዞ፣ ፍለድ ማኅበራዊ ጥናት፣ ጸጋዬ ሥነ ጽሑፍ፣ መዝገበ ቃላቱ ደግሞ ከማይወጡት ዘንድ ይቆለፍበታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ራሱ ወንዝ ሊያነብ ሲፈልግ የትኛው ክፍል ይሂድ? በሰመራም በአዋሽም፣ በትምህርት ቤቱም በዩኒቨርሲቲውም፣ አንድ መደርደሪያ ለሸለቆው ቢለቀቅና ሁሉም ዓይነት መጽሐፍ ተደባልቆ ቢቀመጥበት ወጪው የአናጺ ዋጋ ነው። የትርጉም ሥራው ግን ገንዘብም ሰውም ይፈልጋል። የፍለድ ጥቂት ገጾች በአፋርኛና በአማርኛ ቢመለሱ፣ አንድ ጎበዝ ተርጓሚ በሳምንት ይጨርሳቸዋል። የኔስቢት ይቆይ።

መደርደሪያው ላይ የማይቀመጥ አንድ ዓይነት ደግሞ አለ፣ ዳጉ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እጅ ተሳስመው፣ ከዚያ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። የዝናቡ፣ የግጦሹ፣ የገበያው፣ የሕመሙ፣ የጸቡ ወሬ። ሕግ አለው፤ ያየኸውን ካየኸው ቦታ፣ የሰማኸውን ከሰማኸው ሰው ጋር ለይተህ ትናገራለህ፣ አትጨምርም፣ አትቀንስም። ሐሰት የነዛ በሽማግሌ ፊት ይቀጣል። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት አራት ዓመት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

የወሩ መጨረሻ ላይ፣ ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚሄድ ሚኒባስ፣ ገዋኔ ላይ አንድ ሽማግሌ ተሳፈሩ። ከጎናቸው ከተቀመጠው ወጣት ጋር ወሬ ተለዋውጠው ጨረሱ፤ ከዚያ ዓይናቸው አቅራቢው ላይ አረፈ። ወጣቱ ተረጎመ።

«ጋሼ፣ ከየት ነው የመጡት፣ ምን አይተዋል፣ ምን ሰምተዋል ይሉዎታል።»

አቅራቢው ጭኑ ላይ የተከፈተውን መጽሐፍ አሳየ። ድሮ አንድ እንግሊዛዊ በዚህ መንገድ በግመል መጥቶ አውሳ መግባቱን፣ ሱልጣኑን ማግኘቱን፣ ወንዙ የት እንደሚያልቅ ማየቱን አንድ በአንድ ነገረ። ወጣቱ እየተከተለ ይተረጉማል። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ነገር ጠየቁ።

«ይህን አይተውት ነው ወይስ ሰምተውት?»

«አንብቤው ነው» አለ አቅራቢው።

ወጣቱ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ ለሽማግሌው አንድ ቃል ተናገረ። የትኛውን ቃል እንደመረጠ አቅራቢው ሲጠይቀው፣ «ሰምቶት ነው አልኳቸው» አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ሌላ ጥያቄ አስከተሉ።

«አዋሽ ላይ ደመና አለ ወይ ይላሉ።»

አቅራቢው ጠዋት ሲሳፈር ሰማዩን አይቶት ነበር። ጥርት ያለ ነበር።

«የለም» አለ፤ «ዛሬ ጠዋት አይቻለሁ፤ የለም።»